ከብረት ጠረጴዛ ሥር የጀመረ መንገድ፦ የአንዲት ስደተኛ ልጅ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ስደተኛ ከዜሮ ይጀምራል ይባላል። ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ይህን ሺህ ጊዜ ሰምቷል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ከዚያ አንዱ ይነሳና «ያቺ ሴትዮ በስደት መጥታ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆናለች፣ አንተ ምን አነሰህ?» ይላል። ልጅ ለማበርታት መጥፎ አይደለም። ችግሩ ታሪኩ ሲነገር መሃሉ ተቆርጦ መሆኑ ነው። ስደቱ አለ፣ ሹመቱ አለ፤ በሁለቱ መካከል ያሉት ወደ ስድሳ የሚጠጉ ዓመታት ግን የሉም።

እኔ የምጽፈው ስለዚያ መሃል ነው። የሴትየዋን ስም አልጠራም። ስሟ ሲነሳ ክርክሩ ወደ ፖለቲካዋ ይሄዳል፤ የሚወዷትም የሚጠሏትም ብዙ ናቸው። ማን እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃታል። ደግሞም ስሟ ራሱ ብዙ ጊዜ አልረጋም፤ ስትወለድ አንድ፣ ቤት ውስጥ ሌላ፣ ስዊዘርላንድ ስትማር ሌላ፣ ስታገባ ደግሞ ሌላ ነበር። በዙሪያዋ ያሉትንም ሰዎች በሥራቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

መነሻው

በ1937 ፕራግ ተወለደች። አባቷ ወጣት ዲፕሎማት ነበር፤ ቤልግሬድ ውስጥ የቼኮዝሎቫኪያ የፕሬስ አታሼ፣ ማለትም የኤምባሲው የጋዜጠኞች ጉዳይ ተጠሪ፣ ሆኖ ሠርቷል። በሴፕቴምበር 1938 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙኒክ ላይ ተቀምጠው የቼኮዝሎቫኪያን ድንበር ለሂትለር አሳልፈው ሰጡ። በማርች 15 ቀን 1939 የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ። ከአሥር ቀን በኋላ ቤተሰቡ ወጣ፤ በቤልግሬድ አድርጎ ለንደን ደረሰ። ልጅቷ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም።

አባትየው ለንደን ሄዶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በስደት ላይ ለነበረው የአገሩ መንግሥት የሬዲዮ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ፕሮግራሙ በቢቢሲ በኩል ወደ አገር ቤት ይተላለፋል። በኋላ ከለንደን ወጣ ብላ ወደምትገኘው ዋልተን ኦን ቴምዝ ሄዱ። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ የብረት ጠረጴዛ ነበራቸው። በጦርነቱ ጊዜ የወጣ ነገር ነው፤ ቤቱ በቦምብ ቢፈርስ ከሥሩ የተጋደመ ሰው እንዲተርፍ ተብሎ የተሠራ። ቀን ይበሉበታል። ማታ ከሥሩ ይተኛሉ። ልጆቹ ዙሪያውን ይጫወታሉ። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላም ስለዚያ ጠረጴዛ ደጋግማ ታወራ ነበር። ስለ ስደተኛ ልጆች በተሠራ አንድ ፊልም ላይም ታይታለች፤ የተከፈላት ሮዝ የጨርቅ ጥንቸል ነው።

በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ ተመለሱ። አባቷ በዩጎዝላቪያ አምባሳደር ሆነ። ባለሥልጣን ሲመጣ የአገር ልብስ ለብሳ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ቦሌ ላይ አበባ ይዘው የሚቆሙትን ልጆች አስቡ፣ ልክ እንደዚያ። አባትየው ልጁን ኮሚኒስቶች እንዲያስተምሩለት ስላልፈለገ ቤት ውስጥ አስተማሪ ቀጠረላት። አሥር ዓመት ሲሆናት ደግሞ ስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ላካት። ፈረንሳይኛ ሳትችል ገብታ ችላ ወጣች።

በፌብሩዋሪ 1948 ፕራግ ላይ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ያዙ። አባቷ በዚያን ጊዜ በካሽሚር ጉዳይ በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን አገሩን ወክሎ ይሠራ ነበር። መመለስ አልቻለም። እናትየዋ ሦስት ልጆቿን ይዛ በመርከብ ኖቬምበር 11 ቀን 1948 ኒው ዮርክ ደረሰች፤ አባትየው ተከተላቸው። በ1949 ጥገኝነት አገኙ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህ ቤተሰብ አሜሪካ ሲደርስ ቤት የለውም፤ ወደ አገሩ መመለሻም የለውም። ያም ሆኖ ከዜሮ አልጀመረም። አባትየው በሕግ ዶክትሬት ያለው፣ አምባሳደር የነበረ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። ደብዳቤ ሲጽፍ የሚመልሱለት ሰዎች ነበሩት። አንድ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አገዘው፤ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ተገኘ፤ ከዚያ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ልጅቷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና ቼክኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይዛለች። እራት ላይ የሚወራው የውጭ ጉዳይ ነው። ይህን የማያነሳ ሰው «እሷ ከቻለች አንተም ትችላለህ» ሲል አላምነውም።

ችግሩ

ብዙ ሰው ችግሩ ስደተኝነቷ ይመስለዋል። ሰነዱን ተከትዬ ስሄድ ግን የስደተኝነቱ ጣጣ ቶሎ እንዳለቀ አየሁ። ዴንቨር ውስጥ በስኮላርሺፕ በገባችበት የሴቶች ትምህርት ቤት የዓለም አቀፍ ግንኙነት ክበብ አቋቋመች፤ ሊቀመንበሯንም ራሷን አደረገች። ዌልስሊ ኮሌጅ በስኮላርሺፕ ገባች። በ1957 ዜግነት አገኘች። በ1959 በፖለቲካ ሳይንስ ተመረቀች። አባቷ ሌሎች አገሮች ስደተኛን «መቼ ነው የምትሄዱት?» ሲሉት አሜሪካ «መቼ ነው ዜጋ የምትሆኑት?» ትለዋለች ይል እንደነበር ታወሳ ነበር። ለእነሱ እንደዚያ ሆኖላቸዋል። ለሁሉም እንደዚያ እንዳልሆነ በሱዳን አድርጎ የመጣ ሰው ይነግራችኋል።

የያዛት ሴትነቷ ነው። በተመረቀች በቀናት ውስጥ አገባች። ባሏ ጋዜጠኛ ነው፤ የጋዜጣ ባለቤቶች ከሆኑ ሀብታሞች ወገን። እሷም ጋዜጠኛ መሆን ትፈልግ ነበር። ቺካጎ ሲሄዱ የባሏ አለቃ እራት ላይ ምን ለመሥራት እንዳሰበች ጠየቃት። ነገረችው። ባልሽ የሚሠራበት ጋዜጣ ላይ መሥራት አትችይም፣ ከእኛ ጋር በሚፎካከር ጋዜጣ ላይም ደስ አይለንም አላት። በጨዋ ደንብ፣ ሹካውን ሳያስቀምጥ በሩ ተዘጋ። ሹካው የእኔ ጭማሪ ነው፤ የቀረው ራሷ የተናገረችው። እሷም አልተከራከረችም። ወደ ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ሄዳ ሥራ ገባች።

በ1961 መንትያ ሴቶች ልጆች ወለደች። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው፣ የአንዲት የተማረች የቤት እመቤት ዓመታት ናቸው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መንትዮቹ ያለ ጊዜያቸው ስለተወለዱ ሆስፒታል ቆዩ። እናት ቤት ቁጭ ብላ መጨነቅ ብቻ ነው የቀራት። በዚያ ሰሞን ሎንግ አይላንድ ላይ ሆፍስትራ የሚሰጥ የሩሲያኛ ትምህርት ተመዘገበች። እቅድ ነበራት ማለት ይከብዳል፤ ጭንቀት ማራገፊያ ነበር። ግን ያ ሩሲያኛ በኋላ የሙያዋ አንድ እግር ሆነ።

ከዚያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። ማስተርሷን በ1968፣ ዶክትሬቷን በ1976 ጨረሰች። በመሃል ሦስተኛ ልጅ ተወልዳለች፤ ቤተሰቡ በባሏ ሥራ ምክንያት ከተማ ቀይሯል። ጽሑፏን የምትሠራው ልጆቹ ሳይነሱ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እየተነሳች ነበር። ርዕሱ በ1968ቱ የፕራግ ለውጥ፣ የኮሚኒስቱ መንግሥት ራሱን ለማሻሻል በሞከረበት ጊዜ፣ ጋዜጠኞች የነበራቸው ሚና ነው። ልብ በሉ፤ ምንጮቹ በቼክኛ ናቸው። አሜሪካ ሲመጡ «ምን ያደርግልሻል» ሊባል ይችል የነበረው የእናት አባት ቋንቋ ለዶክትሬቷ ዋና መሣሪያ ሆነ። ደግሞም ሐቁን ለመናገር ሀብታም ቤት መግባቷ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ሰጥቷታል። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ ስደተኛ በአሥር ሰዓት ተኩል የምትነሳው ለአውቶቡስ ነው።

ወደ ፖለቲካ የገባችው በጓሮ በር ነው። በልጆቿ ትምህርት ቤት ቦርድ ላይ ታገለግል ነበር፤ እዚያ ገንዘብ ማሰባሰብ ለመደች። ያንን ያየ ሰው ለፕሬዝዳንትነት ለሚወዳደር አንድ የሜይን ግዛት ሴናተር ገንዘብ እንድታሰባስብ ጠራት። ሰውየው በ1972 አልሆነለትም። እሷን ግን አልረሳትም። በ1976 ዶክትሬቷን ስትይዝ ዋና የሕግ ጉዳዮች ረዳቱ አድርጎ ቀጠራት። ይህ የመጀመሪያ የመንግሥት ሥራዋ ነው። ዕድሜዋ 39።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሎምቢያ ያስተማራት ፖላንዳዊ ተወላጅ ፕሮፌሰር የፕሬዝዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሆኖ ስለነበር ዋይት ሐውስ አስገባት። እሱም በልጅነቱ ከአውሮፓ የወጣ ሰው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የምንለው ነገር እዚህ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ግን መድኃኒቱ የሠራው እሷ ቀድማ ክፍል ውስጥ ስለታየች ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ፈረሰ። ፓርቲዋ ከሥልጣን ወረደ፤ ትዳሯም አበቃ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ደንብ ነበራት፦ እጅ ማውጣት የለም። ሴቶች ተማሪዎች እጃቸውን አንስተው ተራ እስኪሰጣቸው ሲጠብቁ ወንዶቹ ዝም ብለው ይናገራሉ ብላ ነው። መግባት ያለባችሁ ቦታ ግቡና ተናገሩ ትላቸው ነበር። ሴት ልጅ ጭምት ስትሆን ያምርባታል ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ከቋንቋ ትምህርት ይከብዳል።

ማታ ማታ ቤቷ እራት እያዘጋጀች የፓርቲዋን የውጭ ጉዳይ ሰዎች ትሰበስባለች። በ1984 ለምክትል ፕሬዝዳንትነት የተወዳደረችውን ሴት አማከረች፤ ተሸነፉ። በ1988 ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረውን አማከረች፤ ተሸነፈ። ከ1972ቱ ጋር ሦስት ሽንፈት። በ1988ቱ ዘመቻ ላይ ግን ዕጩውን ለክርክር ለማዘጋጀት ከመጣ አንድ የአርካንሳስ አገረ ገዥ ጋር ተዋወቀች። እሱ በ1992 ሲያሸንፍ የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር አድርጎ ሾማት። በጃንዋሪ 23 ቀን 1997 ደግሞ 64ኛዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና ቃለ መሐላ ፈጸመች፤ የመጀመሪያዋ ሴት። ሴኔቱ 99 ለ0 ነው ያጸደቃት። በትውልድ አሜሪካዊት ስላልሆነች ግን ሚኒስትሩ በሚገኝበት የፕሬዝዳንት ተተኪዎች ተራ ውስጥ መግባት አልቻለችም። እስከ መጨረሻው የተዘጋባት በር ያ ብቻ ነው።

ምን ሠራ

ኒው ዮርክ ስትደርስ ከ183 አገሮች መልእክተኞች መካከል ሴቶቹ እሷን ጨምሮ 7 ነበሩ። ሰባቱን ምሳ ጋበዘቻቸው። ቡድኑን «ጂ ሰቨን» ብለው ሰየሙት፣ በትልልቆቹ አገሮች ስብስብ ስም እየቀለዱ። አንዳቸው ሲደውሉ ሌላዋ ስልክ ለማንሳት ተስማሙ። አንዳንድ ወንድ አምባሳደሮች የትንሿ የሊክተንስታይን አምባሳደር እንዴት ከእኛ ቀድማ ታገኛታለች ብለው አጉረመረሙ። መልሷ እናንተም ሴት አምባሳደር ላኩ የሚል ነበር። ቀልዱ ፍሬ አፍርቷል፤ ቡድኑ በዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ሴት ዳኞች እንዲገቡ ግፊት አድርጎ ሁለት ገብተዋል።

ልጅነቷ በሥራዋ ላይ በግልጽ የሚታየው በባልካን ጉዳይ ነው። የእኩዮቿ ማመሳከሪያ ቬትናም ሲሆን የእሷ ሙኒክ እንደሆነ ትናገር ነበር። ጉልበተኛን ቀድሞ ማስቆም የሚል እምነት ነው። በማርች 1999 ቼክ፣ ፖላንድና ሃንጋሪ ኔቶ ሲገቡ ሰነዱን የተቀበለችው እሷ ነች። በዚያው ወር ኔቶ ዩጎዝላቪያ የኮሶቮ አልባኒያውያንን ከቤታቸው ታባርራለች በሚል እሷን መደብደብ ጀመረ፤ 78 ቀን ቆየ። ቤልግሬድም ተመታች። በ1939 ቤተሰቧ ሲሸሽ ያለፈባት፣ እሷም አበባ ይዛ የቆመችባት ከተማ። ይህን «ሠራ» የሚለው ርዕስ ሥር ማስገባቴ ራሱ አከራካሪ ነው። የኮሶቮ አልባኒያውያን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ለሰርቦች ግን ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ምን አልሠራም

ሩዋንዳ። በኤፕሪል 21 ቀን 1994፣ ግድያው በተፋፋመበት ሰዓት፣ የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን 2,500 ገደማ ሰላም አስከባሪ ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። አሜሪካን ወክላ ድምፅ የሰጠችው እሷ ነች። መመሪያው እንዲለወጥ ከአዳራሹ ወጥታ ዋሽንግተን ደውላ እንደነበር በኋላ ተናግራለች። የሆነው ሆኖ ድምፁ ተሰጠ። ይህ ለዲፕሎማት ትልቁ ፈተና ነው፤ የምትናገረው የራስህን አይደለም። ከጭፍጨፋ ያመለጠ ልጅ ሲያድግ የሌላውን ጭፍጨፋ ያስቆማል የሚለው ተስፋ እዚህ ላይ አልሠራም።

በዲሴምበር 1997 አዲስ አበባ መጥታ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ንግግር አደረገች። የዓለም ማኅበረሰብ በሩዋንዳ ጉዳይ ከጅምሩ የበለጠ መንቀሳቀስ እንደነበረበት፣ ድርጊቱንም በስሙ የዘር ማጥፋት ብሎ መጥራት እንደነበረበት የተናገረችው እዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 12 ቀን 2000፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ ሲፈራረሙም ተገኝታለች። ያ ወረቀት ምን ያህል እንደሠራ እኛ ራሳችን ኖረን አይተነዋል።

በ1996 በቴሌቪዥን ስለ ኢራቅ ማዕቀብና ስለሞቱ ሕፃናት ተጠይቃ ዋጋው ይገባዋል ብላ መለሰች። በኋላ ተጸጽታበታለች። ጠያቂዋ ላይ አላሳበበችም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው አለች። አባባሉ ግን እስከ ዛሬ ከስሟ ጋር ይነሳል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ወላጆቿ በ1941 ለንደን እያሉ ካቶሊክ ሆነዋል፤ ልጆቻቸውንም እንደዚያው አሳደጉ። የዘር ሐረጋቸው አይሁድ እንደነበር፣ ከአያቶቿም ሦስቱ በናዚዎች እንደጠፉ ያረጋገጠችው በ1997፣ ጋዜጠኛ ቆፍሮ ካወጣው በኋላ ነው። 59 ዓመቷ ነበር። ባወቀችበት ዓመት ፕራግ ሄዳ ፒንካስ ምኩራብ ገባች። ግድግዳው ላይ ወደ 80,000 የሚጠጉ የሞቱ ሰዎች ስም ተጽፏል። ከአንድ ዓመት በፊት እዚያው ቦታ ቆማ ነበር። ያኔ የራሷን ሰዎች ስም መፈለግ አልመጣላትም። አሁን ፈልጋ አገኘችው።

ወላጆቿ ለምን ዝም እንዳሉ ሳይነግሯት ሞተዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። ደርግ ዘመን ያለፈ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው፣ እናት አባት ሳያወሩ የሚያልፉት ነገር እንዳለ ያውቃል። ዝምታው ልጅን ለመጠበቅ ነበር፤ ዋጋው ግን በሥራዋ ትልቁ ሳምንታት ላይ፣ በጋዜጣ ፊት ገጽ፣ ተከፈለ።

ለእኛ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የሚቀዳ መንገድ የለም። የአምባሳደር ልጅ አይደለንም። የሚወሰድ ግን አለ።

መጀመሪያ ቤተሰቡ ይዞት የመጣውን መቁጠር። አዲስ አበባ አስተማሪ የነበረ አባት ዋሽንግተን ፓርኪንግ ሲሠራ ልጆቹ የሚያውቁት ፓርኪንጉን ብቻ ነው። የዚህች ልጅ አባት የሚያውቀውን እራት ላይ ያወራ ነበር። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ካምፕ ውስጥ የተለመደ አረብኛም እንዲሁ ንብረት ነው። እኛ ቤት ግን «እንግሊዝኛውን ብቻ አጥኚ» ይባላል።

ወረቀት በጊዜው ይለቅ። ጥገኝነቱ በ1949፣ ዜግነቱ በ1957 ባይሆን የቀረው አይኖርም ነበር። የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት ዛሬም ዜግነት ይጠይቃል፤ የተለየ ዲግሪ ግን አይጠይቅም፣ እስከ 59 ዓመት ዕድሜም ይቀጥራል። ስለዚህ ልጅቷ ነርሲንግ ተምራለች ማለት በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት መጀመርም ይቻላል፤ ባለጉዳያችን ጀምራለች።

ያለ ደሞዝ የሚሠራውን ሥራ አለመናቅ። የእድር ጸሐፊ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነች ሴት ሰው ማሰባሰብ ታውቃለች። እንዲያ ያለ ሥራ ነው ሴናተሩ ቢሮ ያስገባት።

መንገዱ በአንዲት ሴት ብቻ የተሄደም አይደለም። ጎንደር አካባቢ አምቦበር ተወልዳ በ1984 እስራኤል የገባች ቤተ እስራኤል ሴት በ2012 የእስራኤል አምባሳደር ሆና አዲስ አበባ ተመልሳለች። የእሷ አባት የፕሬስ አታሼ አልነበረም። ያንን ጉዳይ ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል።

የአባትየውን ነገር አንድ ጨምሬ ላብቃ። ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ፒያኖ ለመማር የገባች፣ ከአላባማ የመጣች አንዲት ጥቁር ተማሪ ስለ ስታሊን ያስተማረውን ሰማች። ፒያኖውን ትታ የዓለም አቀፍ ፖለቲካ አጠናች። በ2005 ሁለተኛዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነችው እሷ ነች። ሰውየው በ1977 ነው የሞተው። ያኔ የራሱ ልጅ ሴናተሩ ቢሮ ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ ተማሪዋ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቷ።